ወደ ድሬዳዋ ተዛውረው ስፖርትዎን ሳያቋርጡ ለመቀጠል የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

በሥራ ዝውውር፣ በትምህርት ወይም በትዳር ምክንያት ወደ ድሬዳዋ የሚመጣ ሰው ቤት ተከራይቶ፣ ዕቃውን አራግፎና ሠፈሩን ለምዶ እስኪረጋጋ ድረስ ስፖርቱን «ለጊዜው» ይተወዋል፤ ለጊዜው የተባለው ግን ወር፣ ሁለት ወር እያለ ዓመት ሲሞላው ይታያል። ብዙዎች ይህን በራሳቸው ስንፍና ያሳብባሉ። እኔ ግን ስንፍናው ሁለተኛ ምክንያት ነው ባይ ነኝ፤ የመጀመሪያው ምክንያት ልማዱ የተሰቀለባቸው ነገሮች ሁሉ በቀድሞው ከተማ መቅረታቸው ነው። ከቢሮ ሲወጡ መንገድ ላይ የነበረው ጂም፣ ጠዋት በር ላይ የሚጠብቀው ጓደኛ፣ በብርድ ለመሞቅ ሲባል የሚጀመረው ሩጫ፣ አንዳቸውም አብረው አልተጫኑም። ዌንዲ ውድ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመችው ጥናት፣ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላ የተዛወሩ ተማሪዎችን ተከታትላ፣ የስፖርት ልማዳቸው የዘለቀው ልማዱን የሚፈጽሙበት ሁኔታ በአዲሱ ቦታም ባልተለወጠባቸው ተማሪዎች ዘንድ መሆኑን አሳይታለች። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አንድ ሥራን የሚመለከት ነው፤ እሱም የቀድሞውን ሁኔታ ለድሬዳዋ በሚስማማ መንገድ እንደገና ማቆም ነው።

ግቡን አስቀድሞ መወሰን ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ጥረት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ፣ ወይም ቢያንስ 75 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ፣ ከዚህም ጋር በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከዚህ በላይ አይመኙ። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት፣ የቦታው ሙቀት ተጨማሪ ጫና ስለሆነ አስቀድመው ሐኪም ሊያማክሩ ይገባል።

አንደኛ፦ የቀድሞ ልማድዎ በምን ላይ ቆሞ እንደነበረ ይጻፉ

ይህ ከጉዞው በፊት ቢሠራ ይመረጣል፤ ከደረሱ በኋላም ቢሆን ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በአንድ ወረቀት ላይ በስንት ሰዓት ይሠሩ እንደነበር፣ የት፣ ከማን ጋር፣ ከዚያ አስቀድመው ምን ያደርጉ እንደነበርና ከጨረሱ በኋላ ምን ይከተል እንደነበር ይጻፉ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ያ ነገር በአዲሱ ከተማ ይኖር እንደሆነ ምልክት ያድርጉ። የአዲስ አበባ ሰው በዚህ ወረቀት ላይ ዳገት፣ ብርድና ከሥራ በኋላ ያለውን የአሥራ አንድ ሰዓት ሩጫ ያገኛል፤ ሦስቱም ድሬዳዋ ላይ እንደነበሩ አይገኙም። የሚተርፈው አብዛኛውን ጊዜ «ከዚያ አስቀድሞ» እና «ከዚያ በኋላ» የሚለው ነው። ጫማ አስሮ ውኃ ጠጥቶ መውጣት፣ ተመልሶ ገላን ታጥቦ ቁርስ መብላት የትም ይሄዳል። ስለዚህ እነዚህን ሳይለውጡ ያቆዩ፤ ያንኑ ጫማ፣ ያንኑ ሙዚቃ፣ ያንኑ ቅደም ተከተል ይዘው ይምጡ፤ የሚለውጡት ሰዓቱንና መንገዱን ብቻ ይሁን።

ሁለተኛ፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለሙቀቱ ይስጡ

ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በአብዛኛው እዚህ ላይ ስለሆነ ይህን ክፍል በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከከፍታ ወደ ዝቅታ የወረደ ሰው ኦክስጅን ስለሚበዛለት መተንፈስ ይቀልለዋል፤ «ታዲያ ለምን ደከመኝ?» ብሎ የሚገረመውም ለዚህ ነው። መልሱ ያለው ሙቀቱ ዘንድ ነው። ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ደምን ወደ ቆዳ ስለሚልክ፣ ልብ ለጡንቻም ለቆዳም ለማድረስ ፈጥኖ መምታት ይኖርበታል፤ በዚህም ምክንያት ትናንት አዲስ አበባ ላይ ቀላል የነበረው ፍጥነት ዛሬ ከባድ ይሆናል። ብቃትዎ ግን በአንድ ሌሊት አልጠፋም።

ሰውነት ይህን ይለምዳል። በየቀኑ ለተወሰነ ጊዜ ሙቀት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ የደሙ ፈሳሽ መጠን ይጨምራል፣ ላብ ቀደም ብሎ ይጀምረዋል፣ በላቡ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ የልቡ ምትም ይረጋጋል። ይህ ለውጥ የሚመጣው ግን ቤት ውስጥ ፋን ሥር በመቀመጥ ሳይሆን በመጠኑ በመንቀሳቀስ ነው። አካሄዱ እንደሚከተለው ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት ሃያ ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ብቻ ያድርጉ። በሚቀጥሉት ቀናት በጉዞው መካከል አጫጭር የሶምሶማ ሩጫ ያስገቡ፤ ከሁለተኛው ሳምንት አጋማሽ በኋላ ወደ ግማሽ ሰዓት ተከታታይ እንቅስቃሴ ይለፉ። ፍጥነትዎን በስልክ ወይም በሰዓት ሳይሆን በንግግር ይለኩ፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ትንፋሽ ሳይቆራርጥዎ መናገር ካልቻሉ ይቀንሱ። የቀድሞ የሩጫ ሰዓትዎን ከአዲሱ ጋር ማወዳደር በእነዚህ ሳምንታት ምንም የማይጠቅም፣ ሞራል ብቻ የሚሰብር ሥራ ነው።

ውኃን በተመለከተ፣ ሚዛን ያለው ሰው ከመውጣቱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ ቢመዘን በግልጽ ይማራል፤ የቀነሰው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ያህል ላብ ማለት ነው። ሚዛን የሌለው ሰው የሽንቱን ቀለም ይመልከት፤ ጠቆር ካለ ውኃ ጎድሎታል። ከአንድ ሰዓት በላይ በጣም ያላበው ሰው ባዶ ውኃ ብቻ ከሚጋት ጨው ያለው ምግብ ቢጨምርበት ይሻላል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም በሙቀት መካከል ብርድ ብርድ የማለት ስሜት ከመጣ ወዲያውኑ ያቁሙ፣ ጥላ ይፈልጉ፣ አንገትና ብብትዎን በውኃ ያርጥቡ። አብሮዎ ያለ ሰው መዘባረቅ ከጀመረ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ነገሩ የሙቀት ምት ሊሆን ስለሚችል ሰውነቱን በውኃ እያቀዘቀዙ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ያድርሱት።

የመጡበት ወርም ለውጥ ያመጣል። በታኅሣሥና በጥር የገባ ሰው ዕድለኛ ነው። በግንቦትና በሰኔ የገባ ደግሞ ከላይ ያለውን የጊዜ ሠሌዳ በአንድ ሳምንት ያራዝመው።

ሦስተኛ፦ የከተማዋን ሰዓት ይከተሉ

ድሬዳዋ ቀኗን የምትከፍለው በፀሐይ ነው። ቀትር ላይ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይሰበሰባል፤ ማታ ደግሞ ከተማው እንደ አዲስ ይነቃል። ለስፖርት የሚሆነው ቁራጭ ጊዜ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያለው ነው። ከዚራ የሚባለው ሠፈር በዚህ ሰዓት የተለየ ቦታ ነው፤ ጥላ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ጠርዝ መንገዱን ይሸፍነዋል፣ ጠራጊዎች አቧራው እንዳይነሳ አስፋልቱን ውኃ ረጨት አድርገው ይጠርጋሉ፣ ባጃጆቹ ገና አልበዙም፣ ሻይ ቤት ደጃፍ የተቀመጡት አዛውንቶችም ለሚሮጠው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣሉ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ያ ጥላ ወደ ግንቡ ሥር ይሸሻል።

ማታ የሚመቸው ሰው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጥቂት ይታገሥ፤ አስፋልቱና ግንቡ ቀን የጠጡትን ሙቀት መልሰው የሚተፉት በዚያን ጊዜ ስለሆነ አየሩ ቢለዝብም እግር ሥር ያለው ገና ይፋጃል።

በጠዋቱም ሆነ በማምሻው ሰዓት ትንኝን መርሳት አይገባም። በድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው በቀን ሲሆን በተለይም በማለዳና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ትበረታለች። ስለዚህ ስስና ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ይልበሱ፣ ቁርጭምጭሚትዎንና ክንድዎን የትንኝ መከላከያ ቅባት ይቀቡ፣ ግቢ ውስጥ የሚሠሩ ከሆነም የውኃ በርሜሉን ይክደኑ። ቺኩንጉንያ የያዘው ሰው መገጣጠሚያው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊታመም ስለሚችል ይህን ጥንቃቄ የስፖርቱ አካል አድርጎ መቁጠር ተገቢ ነው።

አራተኛ፦ ሁለት መንገድ ይምረጡ፣ አንድ ቦታ ደግሞ ይከልክሉ

በየጠዋቱ «ዛሬ ወዴት ልሂድ?» ብሎ ማሰብ ራሱ ሰውን ወደ አልጋው ይመልሳል። አንድ የሃያ ደቂቃና አንድ የአርባ ደቂቃ መንገድ አስቀድመው ይወስኑ፤ ረጅሙ መንገድ በመካከሉ በቤትዎ ደጃፍ የሚያልፍ ዙር ቢሆን ውኃ ለመጠጣትም፣ ከደከመዎት ለማቋረጥም ያመቻል። የምድር ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረው ከዚራ ቀጥ ያሉ፣ ዛፍ ያለባቸው ጎዳናዎች ስላሉት ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለ ነው። የመጋላ ሠፈር መንገዶች ጠባብና ገበያ የበዛባቸው ስለሆኑ ለሩጫ ሳይሆን ለእግር ጉዞ ያገለግላሉ። ከተማዋ በአብዛኛው ሜዳማ በመሆኗ ብስክሌትም ይሄዳል። ሥራ ቦታዎ ቅርብ ከሆነ ባጃጁን ጠዋት ትተው በእግር ይሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ለመመለስ ቢሳፈሩ የሚወቅስዎት የለም።

የሚከለከለው ቦታ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነው። በበጋ ደርቆ ሰፊና ለስላሳ ሆኖ ስለሚታይ እንግዳ ሰው ለሩጫ የተሠራ ይመስለዋል። ወንዙ ግን የሚሞላው በደንገጎ በኩል ባለው ደጋ በሚዘንበው ዝናብ ነው፤ በከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ገድሏል። ከመጋቢት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ጨርሶ አይግቡበት።

ምድቡ ሐረር የሆነ ሰው ሌላ ሒሳብ አለው። ሐረር 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ሙቀቱ አይከብድም፤ የሚከብደው ዳገቱ ነው። የጀጎልን ግንብ በውጭ በኩል መዞር ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሆን አንድ ዙር በእግር ለጀማሪ በቂ ነው። ውስጥ ያሉት መተላለፊያዎች ድንጋያማ፣ ጠባብና ጠመዝማዛ በመሆናቸው እዚያ ከመሮጥ መራመድ ይሻላል፤ በሰው ደጃፍ እየሮጡ ማለፍም ለአካባቢው ሰው አክብሮት የጎደለው መስሎ ሊታይ ይችላል። ጅቦች ሌሊት በግንቡ ዙሪያና በውስጡ ስለሚዘዋወሩ ሰማዩ በደንብ ሳይነጋ ባይወጡ መልካም ነው፤ የሐረር ሰው አይፈራቸውም ቢባልም ያ ሰው የሚያውቃቸው ናቸው። ድሬዳዋ የሚኖር ሰውም በወር አንዴ በሚኒባስ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር ላይ ዳገት ቢሠራ፣ ከተማዋ ያልሰጠችውን ያገኛል።

አምስተኛ፦ የሚጠብቅዎት ሰው ያግኙ፤ በርጫውንም ከአሁኑ ይወስኑ

ብቻውን የሚሮጥ ሰው ብቻውን ይቀራል። እሑድ ጠዋት ኳስ ወደሚጫወቱበት ሜዳ ሄዶ ዳር ቆሞ ሰላም ማለት ይበቃል፤ ድሬዳዋ ላይ ለመግባባት ከዚያ በላይ ደጅ መጥናት አያስፈልግም። ሴቶች ከሥራ ባልደረባ ወይም ከጎረቤት ጋር ሁለት ሦስት ሆነው ቢወጡ የመንገድ ላይ ለከፋ ይቀንሳል፤ ሰፋ ያለ ቀላል ልብስም ለፀሐዩም ለትንኙም ይጠቅማል።

ጂም ለመግባት ያሰበ ሰው የዓመት ክፍያ ቅናሹ አያማልለው። መጀመሪያ ጂሙን ራሱ ሊሠራበት ባሰበው ሰዓት ሄዶ ይየው፤ አሥር ሰዓት ላይ ጣሪያው በቆርቆሮ የተሸፈነ ክፍል ምን እንደሚመስል ማስታወቂያው ላይ አይጻፍም። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይኖር እንደሆነ፣ ፋኑ ይሠራ እንደሆነና የሴቶች ሰዓት ለብቻው ይኖር እንደሆነ ይጠይቅ፤ ከዚያም የአንድ ወር ብቻ ከፍሎ ይጀምር።

አዲስ ገቢ ከሰው ጋር የሚላመደው በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ በሚደረገው በርጫ፣ ማለትም አብሮ ተቀምጦ ጫት በሚቃምበት ጊዜ ነው፤ ይህን ሳይጠቅሱ ስለ ድሬዳዋና ሐረር ስፖርት መጻፍ ግማሹን መደበቅ ይሆናል። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍንም ያርቃል። በምርቃና ሰዓት ክብደት ማንሳት ወይም መሮጥ ድካሙ ሳይሰማ ልብን ማስጨነቅ ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግ። ለጠዋቱ ሩጫ ግን ትልቁ ችግር ሌሊቱ ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ዓይኑ ያልተከደነ ሰው በአሥራ ሁለት ሰዓት አይነሳም፤ ጨብሲ፣ ማለትም ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ፣ ከተጨመረበት ደግሞ ሁለት ጠዋት ይሄዳል።

የማይቅም ሰውም ቢሆን ከወዳጅነቱ መቅረት የለበትም። ጎረቤት «አቦ፣ ዛሬ እኛ ጋ ና እንጂ!» ሲል «እመጣለሁ ወንድሜ፤ ሻይ እጠጣለሁ፤ ማታ ግን በጊዜ እገባለሁ፣ ጠዋት ሩጫ አለኝ» ብሎ በግልጽ መመለስ ይበቃል። ይህ መልስ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ ማንም አይቀየምም፤ ድሬ ላይ ሰው ባሻው መንገድ መኖሩ አያስገርምም። ሁለተኛ ደግሞ ሠፈሩ «ሯጩ» ብሎ ያውቅዎታል፤ ለሦስት ቀን የቀሩ እንደሆነም ሱቅ በር ላይ «ምነው ጠፋህ? አመመህ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ከየትኛውም የስልክ ማስታወሻ ይልቅ ይህ ጥያቄ ሰውን ከአልጋው ያስነሳል።

ስድስተኛ፦ ምግቡንና ጾሙን ከሰዓቱ ጋር ያስማሙ

በማለዳ የሚወጣ ሰው ግማሽ ሙዝ ወይም ሁለት ሦስት ተምር በልቶ ቢወጣ ይበቃዋል፤ የቁርሱ ፈጢራ ከተመለሰ በኋላ ይደርሳል። በጾም ወቅት ጡንቻን የሚጠግነው ፕሮቲን ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከባቄላና ከኦቾሎኒ ይገኛል፤ የባቢሌ ኦቾሎኒ ደግሞ እዚሁ ደጅ ላይ ነው። በረመዳን የሚጾም ሰው ቀላሉን የእግር ጉዞ ከማፍጠሪያው በፊት ባለው የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት፣ ጠንካራውን ሥራ ደግሞ ካፈጠረና ከተረጋጋ በኋላ ያድርግ።

ሰባተኛ፦ ቤት ውስጥ የሚሠራ የአሥራ አምስት ደቂቃ ሥራ ያዘጋጁ

እንግዳ ሲመጣ፣ ሲዘንብ፣ አቧራ ሲነሳ ወይም ሲያረፍዱ የሚያደርጉት አስቀድሞ መወሰን አለበት። ከወንበር ተነስቶ መቀመጥ፣ ፑሽ አፕ፣ በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት፣ ከዚያም ጀሪካን ማንሳት ይበቃል። አምስት ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን አምስት ኪሎ፣ ሃያ ሊትር የያዘው ሃያ ኪሎ ይመዝናል፤ ውኃ በሚጠራቀምበት ቤት ደግሞ ጀሪካን አይጠፋም። ይህንኑ በሳምንት ሁለት ጊዜ በቋሚነት ካደረጉት የጡንቻ ድርሻዎን ጨርሰዋል። ሐሳቡንም በዚህ መልክ ወረቀት ላይ ያስፍሩት፦ «እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ካልወጣሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ የጀሪካኑን እሠራለሁ።»

ስምንተኛ፦ ፍጥነትን ሳይሆን መገኘትን ይመዝግቡ

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያና እስክሪብቶ ይበቃል፤ ለሠሩበት ቀን፣ አሥራ አምስት ደቂቃም ቢሆን፣ አንድ ምልክት። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጡ ከሦስት ወር በኋላ ይደርሱበታል። ሦስት ወር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን ተከታትለው ባደረጉት ጥናት፣ አንድ ድርጊት ሳይታሰብ የሚከናወን ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ፣ ይህም እንደ ሰውና እንደ ድርጊቱ ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ ተገምቷል፤ ስፖርት ከምግብና ከመጠጥ ልማድ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ወስዷል። በዚያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። ስለዚህ አንድ ባዶ ቀን ካዩ በማግስቱ ይውጡ እንጂ ያመለጠውን ለማካካስ ሁለት እጥፍ አይሩጡ።

ለሁለት ሳምንት ታመው ወይም ለሥራ ወጥተው ከቆዩ በግማሽ መጠን ይመለሱ። መጀመሪያ የሚቀንሰው የትንፋሽ ብቃት ነው፤ የጡንቻ ጉልበት ግን ቆየት ይላል። ለበዓል ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ በከፍታው ምክንያት የመጀመሪያዎቹ ጠዋቶች ትንፋሽ ያሳጥራሉ፤ ያን ጊዜ ፍጥነት ይቀንሱ። ሙቀት የመቻሉ ብቃትም ከሙቀት በራቁ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ስለሚጠፋ፣ ከወር በላይ ቆይተው የተመለሱ እንደሆነ ሁለተኛውን ደረጃ ከሃያ ደቂቃው የእግር ጉዞ ጀምረው ይድገሙት።